«ቀለሙን አናይም?»

ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ መታወቂያዎችና በር ከሌላቸው ቁልፎች ጋር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብረት አለች። በአንድ ወገኗ ለስልሳ ታበራለች። በሌላው፣ በተሰበረችበት በኩል፣ ሻካራ ስኳር ትመስላለች። ሌላ ሰው ቢያገኛት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይወረውራታል። እኔ ሁለት ጊዜ ቤት ስቀይር ይዣት ዞሬያለሁ።

የመጥረቢያ ስለት ቁራጭ ናት። መጥረቢያውን ያዘዝኩትም የሰበርኩትም እኔ ነኝ። የሠራው ሰውዬ ግን እንደሚሰበር ቀድሞ ያውቅ ነበር። እያወቀ ሠራልኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

እንደ ሞረድ ይጠንክር

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ለአያቴ ተዝካር አገር ቤት ሄጄ ነበር። አገር ቤት ማለት ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ከጋፋት ብዙም የማይርቅ መንደር ነው። ለድግሱ የሚነደውን እንጨት ወንዶቹ ቀድመን ፈልጠን መከመር ነበረብን። እኔም «የከተማ ልጅ ምን ይችላል» እንዳልባል ከአዲስ አበባ መጥረቢያ ገዝቼ ነበር የሄድኩት። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ። የመጀመሪያው ቀን ሳይመሽ ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ተጠቀለለ። የአክስቴ ልጅ አነሳው፣ አገላብጦ አየው፣ «ይቺ እንኳ ለጎመን ናት» ብሎ መለሰልኝ።

የአያቴ ምሳር ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን ሲሳል የኖረ ብረት ነው፤ ስለቱ አልቆ አልቆ ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አጎቴ «ለጠይቡ ንገረው፣ በሁለት ቀን ያወጣልሃል» አለኝ። ጠይቡ። ስሙን የጠራልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ብረት ሲቀጠቀጥ የማየት ሱስ ይዞኝ ነበር። ስዊድኖች ምሳር ሲሠሩ፣ አሜሪካኖች ቶማሃውክ የሚሉትን ትንሽ መጥረቢያ ሲሠሩ። (ቶማሃውክን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ እንጨቱ በላይ በኩል ነው የሚገባው፣ ልክ እንደኛ ዶማ፤ በተወዛወዘ ቁጥር ራሱ እየጠበቀ ይሄዳል። ስሙን ነጮቹ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው የወሰዱት።) ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥንካሬ። ሮክዌል በሚሉት መለኪያ ጥሩ ቢላ 60 አካባቢ እንደሚደርስ ሸምድጄያለሁ። ደህና መጥረቢያ ግን ሆን ተብሎ ከዚያ ዝቅ እንደሚደረግ፣ 50ዎቹ አጋማሽ ላይ እንደሚተው፣ ያን ክፍል ዘልዬዋለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ያ ቀይ መጥረቢያ የተጠቀለለው ስለለሰለሰ አይደል? እንግዲያው መፍትሔው ማጠንከር ነው። ሌላ ምን አለ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ጨለማው ጎጆ

የሰውዬው ቤት ከመንደሩ ተለይቶ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። መሥሪያው ትንሽ ጎጆ ናት፣ መስኮት የላትም። መጀመሪያ ሳያት ድህነት መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ጨለማው የሥራው ዕቃ ነው። ፀሐይ ላይ የብረት መቅላት አይለይም፤ ጥቁር የመሰለው ይፈጃል፣ ደብዘዝ ያለው ደማቅ ይሆናል። በጨለማ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ይታያል። መሬቱ ላይ የከሰል ጉድጓድ አለ፤ ከጎኑ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ፤ ወናፉን የልጅ ልጁ በሁለት እጁ እያፈራረቀ ይነፋል። መስፉ ግንድ ላይ ተተክሏል፤ መሐሉ ከመመታት ብዛት ጎድጉዷል።

ብረቱ ባሌስትራ ነበር፣ መኪና ሥር ጭነቱን የሚሸከመው የሚተጣጠፍ ብረት። ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወጣ፣ ሳይቆርጠው በፊት በመዶሻ ነካ አድርጎ ድምፁን የሰማው። ባሌስትራ ለመጥረቢያ ተመራጭ የሆነው በከንቱ አይደለም። ዓረብ ብረት ነው፤ ከመቶ እጁ ግማሽ እጅ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካርቦን አለው፤ ስለዚህ ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ ግን ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢያድርም ብዙ አይለወጥም። የቀዩ መጥረቢያዬም ነገር ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ሲሠራ አላወራም። ባሌስትራውን መሐሉ ላይ አጥፎ፣ በመሐል የቀዳዳውን ቅርጽ የሚይዝ ብረት አስገብቶ፣ ሁለቱን ጫፍ እሳት ውስጥ አንድ አደረጋቸው። ጉጠቱን ይዞ ሲያገላብጥ እጁ አይቸኩልም፤ መዶሻው ግን ይቸኩላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ስልኬን ይዤ እቀርጻለሁ፣ በየመሐሉም እመክራለሁ። አዎ፣ እመክራለሁ። «ጨምርበት፣ ይጋል! ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው!» ስለው ትዝ ይለኛል። ተረቱ የሚያወራው ስለ መቀጥቀጥ ነው፤ ውሃ ስለማግባት አንድም የተናገረው የለም።

ስለቱ ቅርጽ ሲይዝ «አሁን አንዴ ይጋልና ሙሉውን ውሃ ውስጥ ክተተው። እንደ ሞረድ ይጠንክርልኝ» አልኩት።

እጁ ቆመ። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ነው፤ ልጁ ወናፉን ይነፋል። ቀና ብሎ አላየኝም። «ቀለሙን አናይም?» አለ።

ምን ቀለም? እኔ የሰማሁት ስለ መልክ፣ ስለ ማሳመር የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነው። «ቀለም አያስፈልግም» አልኩት። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ብረቱ ብርቱካን እስኪመስል ጠብቆ ገንዳው ውስጥ ሙሉውን ከተተው። ጩኸቱን፣ እንፋሎቱን ስልኬ ላይ አሁንም አለኝ። ሞረድ አመጣልኝ፤ ስለቱን ብሞርደው እየተንሸራተተ አልያዝ አለው። ደስ አለኝ። 400 ብር ከፈልኩ። ከደብረ ታቦር ይዤው የመጣሁትን ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ ከተተልኝ። ሚስቱ ቡና አፍልታ ነበር፤ «ቸኩያለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አልቸኮልኩም ነበር።

ጉጡ

በማግስቱ ጠዋት መሬቱ አመዳይ ለብሶ አደረ። እንጨቱ ዓመት የቆየ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ሲፈልጡት በፈቃዱ ይከፈታል፤ ሲደርቅ ግን ቃጫው ተጠላልፎ ይገግማል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጉማጆች እንደ ቂጣ ቆራረስኳቸው። ስለቱ ይገርማል። የአክስቴ ልጅ እንኳ «ይሄስ ሌላ ነው» አለ። አምስተኛው ላይ ጉጥ ነበር። አይቼዋለሁ። ጉጥ ያለበትን እንጨት መሐሉን አይመቱትም፤ ከዳር ዳር እየሸረፉ ጉጡን ብቻውን ያስቀሩታል። እኔ ግን በመጥረቢያዬ ኮርቻለሁ። መሐሉን መታሁት።

ድምፁ የእንጨት አልነበረም። ጠርሙስ እንደተሰበረ ነው የጮኸው። ቁራጯ በአክስቴ ልጅ ጆሮ አጠገብ እያፏጨች አልፋ የጎተራው ጭቃ ውስጥ ተሰካች። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። እሱ ጆሮውን ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ፣ ደም የለም። ከዚያ ነው ሁሉም መሳቅ የጀመረው፤ እኔ አልሳቅሁም። ቁራጯን ከጭቃው በቢላ ፈልቅቄ አወጣኋት። ስለቱ ላይ ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ቀርቷል።

ተናድጄ ነው ወንዙን የተሻገርኩት። ብሬን ላስመልስ። መጥረቢያውንም ቁራጯንም እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። እሱ ቁራጯን ብቻ አነሳ፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ የተሰበረውን ወገን ረጅም ጊዜ አየ። ለእኔም አሳየኝ፤ ያን ስኳሩን። «እሳቱ በዝቶበት ነው ያሸዋ» አለ። ቀስ ብሎ።

«ታውቅ ነበር? እንደሚሰበር ታውቅ ነበር?»

«ጌታዬ ያዘዙትን ነው የሠራሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መልስ ሳይሰጠኝ ቆየ። ልጁ ወናፉን አቆመ። ሽማግሌው ቁራጯን መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጠና «ቀለሙን አናይም ወይ ብያለሁ» አለኝ።

ይኼው ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን እዚያው የቆምኩበት ቦታ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ሰውዬው በአባቴ ዕድሜ ነው። እኔ «ታውቅ ነበር» እላለሁ፣ እሱ «ጌታዬ» ይለኛል። ትናንት «ክተተው» ብዬዋለሁ። ማንም ተቆጥቶ አላስተማረኝም፤ አጎቴ ከእሱ በዕድሜ ያንሳል፣ «አንተ» ይለዋል፤ እኔም ሰምቼ ደገምኩ። አስፋልት ላይ የመኪና ጠባቂ ሽማግሌ «እርስዎ» የምል ሰው ነኝ።

ሰው እምቢ የማለት ሥልጣን ሲያጣ እምቢታውን የት ያደርሰዋል? በጥያቄ ያደርገዋል። በአንዲት ጥያቄ፣ ቀና ሳይሉ፣ እሳት እያዩ። የሚሰማ ካለ ይሰማል። እኔ ደግሞ ጥያቄውን ስለ ቫርኒሽ አድርጌ ሰማሁት።

ይህን ስጽፍ «ያለፈ ታሪክ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን እንዲህ፣ ጸሐፊውን እንዲያ እያላችሁ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ጋፋት፣ ከሰውዬው ጎጆ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ቦታ ነው፤ መድፉ መቅደላ ላይ ዛሬም አለ፣ እኛም እንኮራበታለን። በመድፉ እንኮራለን፤ ከብረት ሠሪው ቤት ቡና አንጠጣም። ልጅ ሆኜ እዚያ ሰፈር ሳልፍ ዳቦዬን ነጠላ ሥር እንድሸሽግ ይነገረኝ ነበር፣ ዓይኑ እንዳይወጋኝ። አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ በዚህ የማምን አይመስለኝም ነበር። ጭንቅላቴ አያምንም፤ እግሬ ግን ቡናው ሲቀርብ ተነስቶ ወጣ።

ያን ቀን ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ጠጣሁ። ይህን እንደ ጀብዱ አልቁጠረው፤ ሚስቱ ሁለተኛውን ስትቀዳልኝ ፊቴን ትጠብቅ ነበር፣ እኔም እንደምትጠብቅ ስላወቅሁ ሲኒውን እንዴት እንደምይዝ ጠፋኝ።

ጭድ፣ ዳማ፣ ሰማያዊ

«ቀለሙ ምንድን ነው አያ? ያሳዩኝ» አልኩ። ያኔ ነው ማውራት የጀመረ። ከዚህ በኋላ እኔም «እሱ» ማለቴን ልተው።

የተሰበረውን ጠርዝ ቆርጠው ጣሉ። ብረቱን አግለው አመድ ውስጥ ቀበሩትና አሳደሩት፤ «ትናንት የበላውን እሳት ይርሳ» ነው ያሉኝ። ጠዋት ተመልሼ ስመጣ እንደገና አጋሉት፤ ግን የበሰለ ቲማቲም እስኪመስል ብቻ። ኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ ዓረብ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ለመጠንከር የሚዘጋጀው ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ውስጡ ያሸዋል፣ ይሻክራል። እሳቸው ማግኔት የላቸውም፤ ጨለማው አላቸው።

ከዚያ ስለቱን ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጀርባው አሁንም ግሏል። አወጡት፣ በተሰበረ የመሳያ ድንጋይ ስለቱን ፈተግ ፈተግ አድርገው ብረቱ እንዲያበራ አደረጉት፣ ወደ እኔ አዘነበሉት። «አሁን እይ» አሉኝ።

ምንም አይታይም ነበር። ከዚያ ከጀርባው በኩል የጭድ ቀለም ብቅ አለ። እየሄደ ነው። ጀርባው ውስጥ የቀረው ግለት ወደ ስለቱ እየወረደ፣ ቀለሙን እየነዳ ያመጣዋል። ከጭዱ ኋላ ዳማ ተከተለ፤ ከዳማው ኋላ ወይን ጠጅ፤ ከሁሉ ኋላ ሰማያዊ። አንዱ ሌላውን እየገፋ። «ብረት ከውሃ ሲወጣ ተቆጥቶ ነው የሚወጣ» አሉኝ። «ቁጣው ሳይበርድ ሥራ አይሰጡትም። ጭድ ላይ ብትይዘው ለቢላ ነው። ለምሳር ዳማው ወይን ጠጅ ሊሆን ሲል ነው። ሰማያዊው ስለቱን ከነካ አልፎሃል፤ ወደ ባሌስትራነቱ ተመለሰ።» ዳማው ስለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቸብ አድርገው ውሃው ውስጥ ከተቱት።

የዚህን ሁሉ ቁጥር ዛሬ አውቀዋለሁ። ጭዱ 220 ዲግሪ አካባቢ፣ ወይን ጠጁ 280 ገደማ፣ ሰማያዊው 300 አካባቢ ነው። መኪና ስር ያለው ባሌስትራ ከሰማያዊውም አለፍ ተደርጎ የለሰለሰ ነው፤ መተጣጠፍ እንጂ መቁረጥ አይጠበቅበትም። ሽማግሌው ቁጥር አያውቁም፣ ነገሩን ግን ያውቁታል። እኔ ደግሞ ቁጥር ነበረኝ፣ ነገሩ አልነበረኝም።

ስለቱ ከጀርባው ይልቅ እንዲጠነክር፣ ጀርባው ደግሞ እንዲለዝብ የተደረገበት ምክንያት ያን ጠዋት ጉጡ ላይ የደረሰብኝ ነው። ዱላውን የሚችለው የለዘበው ወገን ነው። ሁሉ ነገሩ ጠንካራ የሆነ ብረት ሞረድ ይባላል፤ ሞረድ መሬት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን የብረት ሥራ ቤት ያለፈ ሰው ያውቃል።

ዛሬ ስገዛ

አሁን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በኩል ካለፍኩ የተቀጠቀጠ መጥረቢያ ሳላነሳ አላልፍም፤ ባልገዛም። መጀመሪያ ቀዳዳውን ነው የማየው። ስለቱን ወደ ሰማይ ይዤ በቀዳዳው በኩል ሳነጣጥር ስለቱ የቀዳዳውን መሐል ለመሐል ካልሰነጠቀው ያ መጥረቢያ ዕድሜ ልኩን ወደ ጎን ይጎትታል፤ ስስ ስለትም አያድነውም። የተጣበቀበትን ቦታ ጥፍሬን እየሰደድኩ ስንጥቅ እፈልጋለሁ። በክር አንጠልጥዬ በቁልፍ ነካ አደርገዋለሁ፤ ጤነኛው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ነጋዴዎቹ እንደ እብድ ያዩኛል፣ ይሁን።

ከዚያ ትንሽ ሞረድ ከኪሴ አወጣለሁ። ስለቱ ላይ ምንም ካልያዘ አልገዛም፤ እንደ ሳሙና ከተፋቀም አልገዛም። የምፈልገው ሞረዱ እያጉረመረመ፣ እየተቃወመ የሚይዘውን ነው። ሌላው የውፍረት ጉዳይ ነው። ለመቁረጥና ለመጥረብ ጉንጩ የሳሳ፤ ለመፍለጥ ደግሞ ጉንጩ የወፈረ፣ እንደ ሽብልቅ ገፍቶ የሚከፍት። በአንድ መጥረቢያ ሁለቱንም እሠራለሁ የሚል ሰው ወይ ዛፉ ላይ ይንገላታል ወይ ጉማጁ ውስጥ ተቀርቅሮበት ሲታገል ይውላል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የበዛው ምሳር ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ዛቢያው

የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። ቫርኒሽ የተቀባው እጀታ።

ስለቱ ካለቀ በኋላ ያንኑ እጀታ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ቀን ያለ ቃል ከትተውልኝ የነበረው ነው። ተቀበሉኝ፣ ወደ በሩ አዙረው ጫፉን አዩ፣ በአውራ ጣታቸው ቃጫውን ተከተሉ። ቃጫው እስከ ጫፍ አልደረሰም፤ መሐል ላይ ወደ ጎን ሾልኮ ይወጣል። በጠንካራ ምት ጊዜ እንጨት የሚሰበረው እዚያ ነው፣ የሾለከበት ላይ። መለሱልኝ።

«ይሄ አይሆንም» አሉ።

ተነስቼ አጎቴ ቤት ሄድኩ፣ የወይራ ዱላ አገኘሁ፣ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ወይራ ነው እኮ! ከወይራ በላይ ምን አለ? አዩት። አንገቱ ጋ፣ ልክ ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ ከሚገባው ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታህል ጉጥ አለች። «ይሄም አይሆንም።» ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ላስገባው ስል ደግሞ ሳቁብኝ፤ የመጀመሪያው ሳቃቸው ነው። በውሃ ያበጠ እንጨት ለአንድ ቀን ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ይበልጥ ይላላል፤ ቀዳዳው ውስጥ ሲያብጥ ቃጫውን ራሱ ጨፍልቆታልና።

ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ለአውቶቡስ የያዝኩት ቲኬት የነገ ጠዋት ነው፣ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም፣ ወይም የሰሙኝ አልመሰሉም። ከጎጆዋ ወጥተው ወንዙ ማዶ ያለውን ገደል በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እዚያ ክትክታ አለ። ቀጥ ያለውን ቁረጥ፣ ቅርንጫፍ ያላወጣውን። ከነልጡ አምጣው፣ እኔ ሳላየው እንዳትጠርበው።»

«ቲኬቱስ አያ?»

«ቲኬቱን ታድሰዋለህ» አሉኝና ልጁን ወናፉን እንዲነፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። «ሂድ፣ ሳይመሽብህ።»